ሒሳብሽን ሥሪ ተባልኩ

አሁን ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይቺን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቆሽቴ አሯል።

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። የአክስቴ ባል ጓደኛ። እሁድ እሁድ ማታ ሶፋው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው፣ ሪሞቱን የግሉ ያደረገው። ድራማው ሲጀምር «ዝም በሉ» የሚለው እሱ፣ መሃል ላይ ስልክ አንስቶ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ የሚጮኸውም እሱ።

እስቲ ያልኩትን ስሙኝና ፍረዱ። ድራማው ላይ ልጅቷን መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ተኝታለች። ኮማ ውስጥ ናት ተብሏል። ግንባሯ ላይ አንዲት ትንሽ ፕላስተር አለች። ሽፋሽፍቷ ግን ተተክሎ ቀጥ ብሏል፣ ሊፕስቲኳ ንክች አላለም። ግሉኮሱ ተሰቅሏል፣ ቱቦው ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል፣ የትም አልተሰካም። ካሜራው ራሱ ተጠግቶ አሳየን! እናትየው ገብታ ማልቀስ ስትጀምር ደግሞ ፒያኖው ከእሷ ብሶ አረፈው። የምትለው አንድ ቃል አይሰማም። «ይሄ እኮ ተመልካቹን መናቅ ነው» አልኩ። በቃ። ያልኩት ይህቺኑ ነው።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ምን ነበር?»

ያውቃል እኮ! የሱቁን ግብር በየዓመቱ በነፃ የማሰላለት እኔ ነኝ። ደረሰኙን በፌስታል አጭቆ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፈው ሥራዬን አልረሳውም ነበር።

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ሒሳብሽን ሥሪ። ፊልሙን ለባለሙያ ተዪው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአክስቴ ልጅ፣ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ፣ ምራቁ ትን እስኪለው ሳቀ። እኔም ዝም አላልኩም። «እርስዎ ወጡ ጨው በዛበት ለማለት መጀመሪያ ምግብ አብሳይ መሆን አለብዎት?» አልኩት። «ካልጣመሽ አትብዪ፣ ማን ለመነሽ!» አለኝ። ይሄን ጊዜ አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ተይ እንጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነው።» የእሱ ስድብ ከቆዳ አላለፈም፤ ቅስሜን የሰበረችው እሷ ናት። ስለ ግሉኮስ ቱቦ ለመናገር ዕድሜ ምን ያደርጋል?

ይህቺ «ካልወደድሽው አትዪው» የምትባል ነገር ሰልችታኛለች። የትም ነው ያለችው። ስለ አንድ ፊልም ሁለት መስመር ስጽፍ «አንቺ ሠርተሽ አሳዪን» ትመጣለች። «ምቀኛ» ትከተላለች። ከዚያ «የኛ ነው፣ ማበረታታት አለብን»። እኔ ነኝ የማላበረታታው? ሲኒማ ቤት ተሰልፌ ትኬት ገዝቼ የማየው እኔ፣ ቤት ውስጥ መጨረሻ ላይ የባለሙያዎቹን ስም ዝርዝር ሳላይ የማልነሳው እኔ?

የሰውዬውን ማበረታታት ደግሞ አይቼዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ «ጤዛ»ን እዚያው ሳሎን ከፈትኩላቸው። የኃይሌ ገሪማን ፊልም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን የወሰደ። በዓመቱ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ዋጋዱጉ ላይ፣ ዋናውን ሽልማት ያነሳ። ባለታሪኩ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ ጣና ዳር እናቱ ቤት ገብቷል፣ የአንድ ትውልድ ቁስል እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሰውዬው «ይሄ ደግሞ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ እልም ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ያንኮራፋል። የሚያስብ ፊልም ሲመጣ እየተኛ፣ ቱቦ ያልተሰካበት ድራማ ሲተች ግን ጠበቃ ይሆናል።

ድሮ እንዲህ አልነበርንም። «ሰው ለሰው» ድራማ ሲታይ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። አስናቀ ያደረገውን ታክሲ ውስጥ ረዳቱም ተሳፋሪውም ሲተነትን ይውል ነበር። አስናቀን ሆኖ የተወነው አበበ ባልቻ ክፋትን ሳይጮህ፣ ሳይንጫጫ ነበር የሚያሳየን፤ ሁላችንም ትወናውን አውርተንለታል። ማንም ማንንም «ሥራሽ ምንድነው?» አላለም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር እኔ ከአርቲስቶቻችን ወገን ነበርኩ። የውጭ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ገበያችንን ሊበላው ነው ሲሉ ልክ ናቸው ብዬ ከስንቱ ጋር ተጨቃጭቄአለሁ። የቱርኩ ድራማ እኮ አገሩ ላይ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው የሚታየው። ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። ለዚህ ነው ሰውየው ለጥፊ እጁን ሲያነሳ የሚያልቀው፣ እጁም በማግስቱ የሚያርፈው። እሱስ ምክንያት አለው። የኛውን ማን አስገደደው? «ባለፈው ክፍል» ብሎ ሳምንት ያየነውን ይደግማል። ከዚያ መግቢያ ዘፈኑ ሙሉውን። ከዚያ ስፖንሰሩ። ከዚያ ልጅቷ መስኮት ጋ ቆማ አሁን የተደገመውን እንደገና ታስታውሳለች። ታሪኩ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ሌላ እሁድ ድረስ።

ደግሞ ቤቶቹ! ሁሉም ቪላ ውስጥ ነው የሚኖረው። ጠረጴዛው ላይ ውስኪ አለ። በአንዱም ቤት ጀሪካን አላየሁም። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር የለም፣ የቤት ኪራይ ጨመረ የሚል ሰው የለም፣ ታክሲ የሚጠብቅ የለም። እኛ መብራት ሄዶ መጨረሻው ያመለጠንን ክፍል በማግስቱ ከጎረቤት እንጠይቃለን፣ እነሱ ቤት ግን አምፖል እንኳ ብልጭ ብሎ አያውቅም። ያቺ የዋሽንግተኗ ዘመዴ በዩቲዩብ ቀድማ አይታ «ሞተ እኮ» ብላ የምትልክልኝን ዛሬ አላነሳም። ደክሞኛል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ይችላሉ እኮ! እዚሁ ድራማ ላይ፣ ጥቂት ክፍሎች ቀደም ብሎ፣ የቤቱ ሞግዚት የሆኑት አሮጊት ዓረብ አገር ያለ ልጃቸው መሞቱን የሰሙበት ትዕይንት ነበር። ቡና እየቀዱ ነው። መርዶው ተነገረ። ጀበናውን ቀና አላደረጉም። ሲኒው ሞላ። ፈሰሰ። ረከቦቱን አጥለቅልቆ ወለሉ ላይ ወረደ፣ እሳቸው መቅዳታቸውን አላቆሙም። ሙዚቃ የለም፣ ጩኸት የለም። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዓረብ አገር በሬሳ ሣጥን የተመለሰ ልጅ የማያውቅ ሰፈር አለ? ይህን የጻፈ እጅ፣ ይህን ያዘጋጀ ሰው፣ ያችን የሆስፒታል ክፍል እንዴት ዝም ብሎ ያሳልፋታል? እኔ የምጮኸው ለዚህ ነው። ያዩትን ሁሉ «ጎበዝ» የሚሏቸው ሰዎች እኚያን አሮጊትና ያችን ባለ ሽፋሽፍት እኩል እያደረጉብኝ ነው።

ያን ዕለት ሰውዬው ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «ቡናው ለምን ፈሰሰ?»

አክስቴ ደውላ ነበር፣ አላነሳሁም። ከዚያ «ተቀየምሽ እንዴ? እሁድ ነይ፣ ዶሮ እሠራለሁ» ብላ ጻፈች። እሄዳለሁ፣ የት እደርሳለሁ። የዘንድሮውን ግብር ግን ሌላ ሰው ያስላለት፣ ፌስታሉን ይዞ ደጄ እንዳይደርስ። ልጅቷም እሁድ ነቅታ «እናንተ ማናችሁ?» ካለች፣ ሪሞቱን ከእጁ ነጥቄ ቴሌቪዥኑን አጠፋዋለሁ።