እንቢታው የሚመጣው ማብራሪያ በማጣት ነው
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ወላጆች ከልጃቸው ጀርባ ፈሳሽ ለምርመራ በመርፌ እንዳይቀዳ የሚከለክሉት «ባለማወቅ» ነው ማለቱን አልቀበልም፤ በሕፃናት ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ብዙዎቹ እንቢ የሚሉት መርፌው የት እንደሚገባ ማንም አጠገባቸው ተቀምጦ ስላላስረዳቸው ነው። ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ በአዋቂ ሰው የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ሲሆን በአራስ ሕፃን ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መርፌው ደግሞ ከዚያም በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ስለሚገባ፣ ሁሉም የሚፈራው ሽባነት እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይደርስም። አንዲት እናት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ስታለቅስ ቆይታ፣ ቦታውን በራሷ ወገብ ላይ በጣቴ ሳሳያት ነበር የፈቃድ ቅጹን ለመፈረም እስክሪብቶውን የተቀበለችኝ። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር በሽታውን ያመጣውን ተሕዋሲ ለይቶ ተገቢውን መድኃኒት ለመምረጥ ዋናው ምርመራ ይህ ነው፤ ልጁ በጠና ከታመመ ግን ሕክምናው ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል። ከምርመራው በኋላ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ሊከተል ይችላል፤ ለሰዓታት በጀርባ መተኛት ይከላከለዋል እየተባለ ቢኖርም ጥናቶች አልደገፉትም፣ ይልቁንም ጫፉ ያልሾለ ቀጭን መርፌ መጠቀም ይቀንሰዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ከምርመራው በኋላ እግር ከዛለ ወይም ሽንት ከታገደ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።