ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መምህር አንደኛ ክፍል ያስተምር

አንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ክረምት ከክረምት ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ይወጣል። ወይ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይዛወራል፣ ወይ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይሆናል፣ ከቀናውም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይገባል። ደመወዙም ክብሩም ያለው እዚያ ስለሆነ አልፈርድበትም። ጉዳቱ የሚያርፈው ግን ገና ፊደል በመለየት ላይ ባሉት ሕፃናት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን በንባብ ማስተማር ላይ ያተኮረ ሁለተኛ ዲግሪ ሊሰጡ ይገባል፤ ተመራቂውም እዚያው ክፍል እያስተማረ ዕድገቱን ማግኘት አለበት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ከዚያ በፊት የተነገረው ነው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፣ መምህራንም አጫጭር ሥልጠና ወስደዋል። የጥቂት ቀናት ሥልጠና ግን መጽሐፉን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ያሳያል እንጂ አንድ ሕፃን ለምን ማንበብ እንዳቃተው መርምሮ የሚደርስበት ባለሙያ አያፈራም።

ማንበብን ማስተማር ቀላል የሚመስለው ማንበብ ለምንችለው ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ሕፃኑ በዜማ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ይወርደዋል። ከመካከል «ቴ»ን ነጥላችሁ ብታሳዩት ግን ከ«ተ» ጀምሮ በቃሉ ካልቆጠረ አይደርስባትም። ይህ ልጅ ዜማ እንጂ ፊደል አልያዘም። ሌላው እያንዳንዱን ፊደል ያውቃል፣ አገናኝቶ ቃል ማድረግ ግን ያቅተዋል። ሌላዋ ሳድሱ ያስቸግራታል፤ «ልብስ» ስትል ሦስቱንም ፊደላት እኩል እየረገጠች ታነባለች። አራተኛው «ገና» የሚለውን አላልቶ ያንብበው ወይስ አጥብቆ የሚያውቀው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ሲገባው ብቻ ነው። አራቱም በመምህሩ መዝገብ ላይ «ማንበብ የማይችሉ» ተብለው ይሰፍራሉ፤ የሚያሻቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። በቁቤ በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ደግሞ መጥበቁም የአናባቢው ርዝመትም ፊደል ተደርቦ ስለሚጻፍ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ ስለዚህ ዲግሪው በየቋንቋው መሰጠት ይኖርበታል።

የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩትን ልጅ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ሲያሳልፉት እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ያስነብቡትና ያዳምጡት ነበር። ያ ጥበብ ከዘመናዊው የንባብ ጥናት ጋር ተቀናጅቶ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መጠናት የሚገባው ነው።

በእርግጥ ዲግሪ ብቻውን ዋስትና አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የንባብ ባለሙያ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ሆኖም ከአስተማሪ ማሠልጠኛዎቻቸው ብዙዎቹ ልጁ ቃሉን ከሥዕሉና ከአውዱ እንዲገምት ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዛሬ በርካታ ግዛቶች ያንን ዘዴ በሕግ እየከለከሉ ነው። ሚሲሲፒ በ2013 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ መምህራኗን በድምፅና በፊደል ግንኙነት ላይ እንደገና አሠለጠነች፣ ደካማ ውጤት ባላቸው ትምህርት ቤቶችም የንባብ አሠልጣኞችን መደበች፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቿም የንባብ ውጤት ከፍ አለ። የእኛም ፕሮግራም ከውጭ የተቀዳ ንድፈ ሐሳብ የሚደረደርበት ከሆነ አይጠቅምም።

ስለዚህ መምህሩ በክረምት ግቢ ገብቶ ይማር፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ደግሞ የራሱ ክፍል ቤተ ሙከራው ይሁን። ለመመረቂያ ከመጠይቅ ጥናት ይልቅ፣ ወደኋላ የቀሩ ጥቂት ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ምን እንዳስቸገራቸው፣ ምን እንዳደረገላቸውና የት እንዳደረሳቸው ይጻፍ። ገምጋሚዎቹም ክፍሉ ድረስ ሄደው ሲያስነብብ ይዩት።

መጽሐፍ እንኳ ባልተሟላበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ ይኖራሉ። በየክፍሉ አንድ ባለ ሁለተኛ ዲግሪ ይመደብ አላልኩም። ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ተሰባስበው መደራጀታቸው የቆየ አሠራር ነው። በየማዕከሉ አንድ የንባብ ባለሙያ ቢኖር፣ ክፍለ ጊዜው ቀለል ተደርጎለት በቀረው ሰዓት የባልደረቦቹን ክፍል እየጎበኘ የተቸገሩትን ልጆች ቢያይ፣ ወጪው ከአቅም በላይ አይሆንም።

ከባዱ ሥራ የመምህራንን የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ መዋቅር ማስተካከል ነው፤ ይህም የትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ድርሻ ነው። አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ባለ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከሚያስተምረው እኩል ካልተከፈለው፣ ፕሮግራሙ ጭራሹኑ ባይከፈት እመርጣለሁ። ጎበዞቹን መምህራን ከሕፃናቱ የሚነጥል ተጨማሪ መውጫ ይሆናልና።