«መዝናኛ ነው» ተብሎ የተዘጋ አዳራሽ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜሪላንድ እማዬ የምትማርበት አዳራሽ ደብዳቤ ላከልን። ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰበሰቡበት የዳንስ ክፍል ከመጪው ወር ጀምሮ ቀርቷል። ምክንያቱ ሁለት መስመር ነው፤ ፕሮግራሙ መዝናኛ እንጂ ሕክምና አይደለም፣ ደግሞም ተማሪዎቹ ሊወድቁ ይችላሉ። አንብቤ ስነግራት «ታዲያ ማክሰኞ የት ልንሄድ ነው?» ብቻ አለችኝ።

ከመውደቁ ልጀምር። ይህን የጻፈ ሰው አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አላየም። ክፍሉ የሚጀመረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ትከሻ፣ ክንድ፣ ጣት ይፍታታል። ከዚያ የወንበሩን ጀርባ ይዞ መቆም ይመጣል። ወለሉን አቋርጦ መሄድ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ለሚችል። ያልቻለ ተቀምጦ ይቀጥላል። እማዬ እስካሁን ሁለቴ ወድቃለች፣ ሁለቴም ኩሽና ውስጥ፣ ዞር ስትል። እዚያ ክፍል አንድም ቀን አልወደቀችም። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲደርቅ ነው የሚወድቀው!

«መዝናኛ ነው» የሚለው ግን ደሜን አፈላው። ይህ በሽታ ሰውን በር ላይ እንዴት እንደሚያቆመው አይታችኋል? እማዬ ከመኝታ ቤት ልትወጣ ደፉ ጋ ስትደርስ እግሯ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። «እግሬ እምቢ አለኝ» ትላለች። ብትጎትቷት ትወድቃለች፣ «ነይ እንጂ» ብትሏት ይብስባታል። እኔ ማጨብጨብ የተማርኩት ከዚያ ክፍል ነው። ሞቅ አድርጌ፣ እኩል እኩል፣ ሰርግ ላይ እንደምናጨበጭበው። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ጭብጨባ ላይ ቀኝ እግሯ ይነሳል፣ ከዚያ ትሄዳለች። ተአምር አይደለም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲያንስ እንቅስቃሴን ከውስጥ የሚያስጀምረው ነገር ይዳከማል፤ ከውጭ የሚመጣ ምት ደግሞ ሌላ መንገድ ይከፍትለታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ወለል ላይ መስመር የሚያሰምሩት፣ በምት የሚያራምዱት ለዚሁ ነው። ታዲያ ያው ምት ከክፍሉ ፒያኖ ሲመጣ በምን ሒሳብ ነው መዝናኛ የሚሆነው? አንድ ቀን ተራዋ ደርሶ ከወንበሯ ሳትነሳ እስክስታ ወረደች። ጠዋት የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ ያቃታት ሴትዮ፣ ትከሻዋ ምቱን አልሳተም። አሁን ክፍሉ በሙሉ በእስክስታ ነው የሚያሟሙቀው።

ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የማርክ ሞሪስ የዳንስ ቡድንና የብሩክሊን የፓርኪንሰን ማኅበር ኒው ዮርክ ውስጥ እንዲህ ያለውን ክፍል የከፈቱት በ2001 ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። በ2021 የወጣ የካናዳው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሳምንት አንዴ እየደነሱ ሦስት ዓመት የቆዩ ሰዎችን ካልደነሱት ጋር ሲያነጻጽር፣ የደናሾቹ እንቅስቃሴ እንደሌሎቹ አልተዳከመም። ደናሾቹ 16 ብቻ ነበሩ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ እሺ። ኪኒኑንም አይተካም፤ እማዬ የፓርኪንሰን መድኃኒቷን ሌቮዶፓን ሰዓቷን ጠብቃ ትውጣለች። ግን የኪኒኑ ኃይል እየከዳት ሲሄድ እስከ ቀጣዩ ድረስ ያለውን ሰዓት በምን ትሻገረው?

አዳራሹን የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ክፍሉ ሳይዘጋ ገና ሁለት ማክሰኞ ይቀራል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኑ። ከእማዬ አጠገብ ወንበር እንይዝላችኋለን።