ግራፊክስ ካርዱ አልሞቀም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ሙቀቱ 65 ዲግሪ ስለሆነ ኦቨርክሎኩ (ካርዱን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማስሮጡ) ችግር የለበትም፤ ጌሙን የሚዘጋው ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር። የካርዱ ቺፕ ለጨመርክበት ፍጥነት የሚበቃ ቮልቴጅ ካላገኘ ቀዝቅዞም ይሳሳታል። ያኔ መልስ መስጠት ያቆማል፣ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፣ ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል፣ ጌሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ድራይቨሩ በከንቱ ስሙ ይጠፋል።

ሜሞሪው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አርቲኤክስ 3080 ካርድ ላይ ያለው ጂዲዲአር6ኤክስ የተባለው ሜሞሪ ስህተት ሲያገኝ ዳታው እንደገና እንዲላክ ያደርጋል። ስለዚህ ጌሙ ሳይዘጋ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ብቻ ይወርድብሃል።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መልስና ያንኑ ጌም ተጫወት። ካልተዘጋ የኮሩን (የዋናውን ቺፕ) ፍጥነት ብቻ በ15 ሜጋኸርዝ እየጨመርክ ሞክር። ሜሞሪውን ለጊዜው አትንካው።