የልጅ ሽሮፕ ያለ መለኪያ አይሸጥ

እንደ ፓራሲታሞል ያለ ለሕፃናት ትኩሳትና ሕመም ማስታገሻ የሚሆን ሽሮፕ፣ የልጁ ክብደት ሳይጠየቅና መለኪያው አብሮ ሳይሰጥ ከየትኛውም መድኃኒት ቤት መውጣት የለበትም። ሽንኩርትና ምስር በሚዛን በሚሸጡበት በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ የልጅ መድኃኒት «አንድ ማንኪያ» ተብሎ ሲሰጥ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እናት ሌሊቱን በትኩሳት ሲቃጠል ያደረ ልጇን አዝላ ትመጣለች። ዕድሜው ይጠየቃል፤ «ሁለት ዓመቱ ነው» ትላለች። ሽሮፑ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ 1×3 ይጻፍበታል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ቀጣዩ ባለ ወረፋ ይጠራል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ያ «1» የሻይ ማንኪያ ይሁን የሾርባ ማንኪያ፣ ወይስ የጠርሙሱ ክዳን፣ የነገራት የለም። ቤቷ ገብታ እጇ ላይ የገባውን ማንኪያ ብታነሣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የሁለት ዓመት ልጅ ሁሉ እኩል አይመዝንም። አንዱ 9 ኪሎ፣ ሌላው 13 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ የፓራሲታሞል መጠን ደግሞ የሚሰላው በኪሎ ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሳይቆይ አይደገምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይበልጥም። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይበቃዋል ማለት ነው።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ጠርሙሶቹ ላይ ነው። አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም አለው። ለጨቅላዎች በጠብታ እንዲሰጥ ከሚዘጋጀው መካከል ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ያለበት አለ። ያ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ ልክ ነው። ከሁለተኛው ያንኑ ያህል ቢጠጣ መጠኑ ያልፍበታል። ከሦስተኛው ቢጠጣ 500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከላይኛው ገደብ ከሦስት እጥፍ በላይ ወሰደ። የጠብታው ጠርሙስ ትንሽ ስለሆነ መድኃኒቱም የለሰለሰ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛልና ባለ 120 ሚሊ ግራሙ ሽሮፕ እንኳ በእሱ ሲለካ 360 ሚሊ ግራም ይሆናል። ባለፈው ወር ባለ 120ውን የገዛች እናት ዛሬ ባለ 250ው ተሰጥቷት «ያው ፓራሲታሞል ነው» ብላ በለመደችው መጠን ብታጠጣ ማን ይፈርድባታል? ልዩነቱን ማሳየት የሻጩ ሥራ ነበር። ለአዋቂ የተገዛውን ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን ለሁለት ከፍሎ ለሕፃን መስጠትም ከዚሁ ስሕተት አይለይም፤ ግማሹ 250 ሚሊ ግራም ነው።

የዚህ መድኃኒት አደገኛነት ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ከመጠን በላይ የወሰደ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ወይም ጥቂት ያስመልሰውና ይተወዋል። የጉበቱ መጎዳት ገሃድ የሚወጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ መውሰድ ብቻም አይደለም የሚጎዳው፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየበለጠ ለቀናት ሲሰጥም ይጠራቀማል፤ በተለይ ልጁ ምግብ ካቆመ ወይም ቀድሞውንም በምግብ እጥረት የተጎዳ ከሆነ። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖችም በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን አብሮ መስጠት መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነው።

ያ 1×3 ሌላም ስሕተት ያስተምራል። ማስታገሻ እንደ አንቲባዮቲክ ተቆጥሮ የሚጨረስ መድኃኒት አይደለም። ልጁ ትኩሳቱ ሲያስጨንቀው ወይም ሲያመው ይሰጣል፤ ሲሻለው ይቆማል። ተኝቶ ያለን ልጅ ለዚህ ብሎ መቀስቀስ አያስፈልግም። በትኩሳት የሚመጣን መንቀጥቀጥ ይከላከላል የሚባለውም ትክክል አይደለም። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ መጠቅለል የደግነት ልማድ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሙቀቱን ያፍነዋል። ቀለል ያለ ልብስና ቶሎ ቶሎ ማጥባት ወይም ውኃ ማጠጣት ይሻለዋል።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ በመጀመሪያ ወባን ማስጠርጠር አለበት። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ያበርደዋል፤ ወባውን አይነካውም። ልጁ ቀና ብሎ መጫወት ሲጀምር ወላጅ ይረጋጋል፤ ምርመራው ለነገ ይባላል፤ ነገ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ልታውቀው የምትችለው ነገር ነው። ቆላ ደርሶ ደጋ ለተመለሰ ልጅም ያው ነው። «ምች ነው» ወይም «ጥርስ እያወጣ ነው» ብሎ መቆየት በዚህ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። ዳማከሴ ከማሸት ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከመዘግየቱ ጋር ነው። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ከደነዘዘ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሌላውን ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንን፣ በተመለከተ አጭር ነው፦ ከሦስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም፤ ተቅማጥና ትውከት ውኃውን ለጨረሰው ልጅም ኩላሊቱን ሊጎዳው ስለሚችል አይሰጥም። አስፕሪን ለልጅ ትኩሳት ፈጽሞ አይሁን፤ እምብዛም ባያጋጥም እንኳ ጉበትንና አንጎልን የሚመታ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ለአዋቂ ወገብ የተገዛው ዲክሎፍናክም የልጅ ትኩሳት መድኃኒት አይደለም።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች «ወረፋው ፋታ አይሰጥም» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እውነት አላቸው። የምጠይቀው ግን ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። አንድ የቁም ሚዛን በር ላይ ይቀመጥ። እናት ልጇን ታቅፋ ትመዘን፣ ከዚያ ብቻዋን ትመዘን፤ ልዩነቱ የልጁ ክብደት ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም ምልክት ያለው መለኪያ ይሰጣት፤ ልኩ የሚደርስበት መስመር ላይ በእስክሪብቶ ይሠመርላት። ካርቶኑ ላይም በአማርኛ «ይህን ያህል ሚሊ ሊትር፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲያመው ብቻ፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት» ተብሎ ይጻፍ። ማንበብ ለማትችል እናት መስመሩ ይበቃታል። የዞኑ ጤና መምሪያና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች መድኃኒት ቤቶችን ሲቆጣጠሩ ፈቃድና የአገልግሎት ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት እንደሚያዩ ሁሉ፣ ሚዛንና መለኪያ መኖሩንም ይዩ።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ ልጃችሁ ከመጠን በላይ መውሰዱን የጠረጠራችሁ እንደሆነ፣ ደኅና ቢመስልም እንኳ ነገን አትጠብቁ። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ በተለይ በስምንት ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱን በእጅጉ ይታደጋል። ጠርሙሱንና የለካችሁበትን ማንኪያ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን ያህልና መቼ እንደጠጣ ነው።