የ30 ደቂቃ ምግብ የምትሉት የቱን ነው?

ገና ጫማዬን አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

የዓርብ ማታን የሱፐርማርኬት ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ቆሜ ቆሜ ተራዬ ደረሰ። ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ ቲማቲሙን አንስቶ "ይሄ አልተመዘነም" አለኝ።

"እዚህ አይመዘንም እንዴ?"

"እዛ ጋ ነው። ተጽፏል እኮ፣ አታነቢም?"

አታነቢም! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ዞር ብዬ ሳይ ጽሑፉ ላይ ባዶ ካርቶን ተደርድሮበታል። "የቱ ጋ ነው የተጻፈው?" ስለው፣ "ሰው እየጠበቀ ነው፤ ወይ ተዪው ወይ አስመዝነሽ ነይ።" ከኋላዬ አንዷ "ኤጭ!" አለች። ለእኔ! ካርቶኑን የደረደርኩት እኔ ነኝ? አስመዝኜ ስመለስ ደግሞ እንደገና ከሰልፉ ጭራ።

ባለፈው ሳምንትም አንድ ቢሮ "ፎቶኮፒ ይጎድላል" ብለው መለሱኝ። ይዤ ስመጣ ምሳ ወጥተዋል። እነሱ በሚሠሩበት ሰዓት እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ታዲያ የሠራተኛ ሰው ጉዳይ መቼ ይለቅ? ቅዳሜ ነዋ! እኔ እኮ ከማክሰኞ ጀምሮ ቅዳሜን ነው የማስበው። ሬዲዮ ከፍቼ፣ ማንም ሳያጣድፈኝ፣ ድስት ጥጄ ልውል። ይሄ ብዙ ነው?

ደግሞ እነዚያ የምግብ ቪዲዮዎች! "በ30 ደቂቃ የሚደርስ" ይላሉ። ሽንኩርቱ ተከትፎ ይጠብቃቸዋል። ማን ከተፈው? "5 ደቂቃ፣ ቡናማ እስኪሆን።" ውሸት! ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ሳይተን ቡናማ አይሆንም። በመለስተኛ እሳት 40 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። ቸኩላችሁ እሳት ስትጨምሩ ጠርዙ ያራል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

ቀይ ቦሎቄማ ተዉት። ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው እስኪበስል የሚቀቀለው። ሳይፈላ ከተበላ ያስመልሳል፣ ሆድ ያጣድፋል። ይሄን በ30 ደቂቃ ውስጥ የት አስገቡት?

ቤት ስገባ የተቀበለኝ ቃል ደግሞ "ምን ያስቸግርሻል፣ የሆነ ነገር ጣል ጣል አድርጊ" የሚል ነው። ጣል ጣል! ገበያውን ማን ዞረው? ሰልፉን ማን ቆመ? ከበሉ በኋላ ድስቱን ማን ያጥበዋል?

ደከመኝ። ቦሎቄውን ዘፍዝፌ እተኛለሁ። ነገ ከረፋዱ በፊት ማንም እንዳይደውልልኝ። ሽንኩርት የሚልጥ ካለ ግን በጠዋትም ይምጣ።