ምላስ ብቻ ጠበቃን ዝነኛ አያደርግም

አሜሪካ ውስጥ መኪና እየነዱ ሲሄዱ ከትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ፈገግ ብሎ የሚያይዎት ሰው ብዙ ጊዜ ጠበቃ ነው። «አደጋ ደረሰብዎት? ይደውሉ!» ይላል። እስከ 1977 ድረስ እንዲህ ያለ ነገር ክልክል ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቆች ማስታወቂያ እንዲያስነግሩ በሩን ከፈተላቸው።

እንዲህ ያለው ዝና ስልክ ያስደውላል እንጂ ተሰሚ አያደርግም። እኛ ከበላ ልበልሃ ዘመን ጀምሮ ተሟጋችን የምናደንቀው በአንደበቱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እዚያ ትልቁ ብልሃት ማንን መክሰስ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ጉዳዩን ለአገር ምድሩ መተረክ።

አሜሪካዊውን ጠበቃ ሞሪስ ዲስን ይውሰዱ። በኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ሙሉጌታ ስራው የተባለ ወገናችን ጸጉራቸውን በተላጩ ነጭ ዘረኛ ወጣቶች እጅ ወደቀ። በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ሦስቱ ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ለብዙ ጠበቃ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከእስረኛ ምን ካሳ ይገኛል?

ዲስ ግን ዓይኑን ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ጥላቻ በሚሰብከው ቶም ሜዝገር ላይ ጣለ። ወጣቶቹን ያነሣሣው የሜዝገር ድርጅት የላከው ሰው ነው ብሎ፣ ከሌሎች ጠበቆች ጋር ሆኖ፣ የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ። ሜዝገር ጠበቃ ሳይዝ ራሱ ተከራከረ። በ1990 ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ መካከል ተመርጦ የሚፈርደው ቡድን፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ።

ገንዘቡስ? አብዛኛው ከየትም አልመጣም። የሜዝገር ቤት ተሸጠ። የዲስ ስም ግን ይበልጥ ናኘ።

ሰውየው ነጋዴም ነበር፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን በፖስታ እየሸጠ ነው የከበረው። በ1972 ለፕሬዚዳንትነት ለተወዳደሩት ለጆርጅ መክገቨርን በዚያው በፖስታ ገንዘብ አሰባስቧል። በ1971 ከባልደረባው ጋር ያቋቋመውን፣ ለድሃና ለተገፋ የሚሟገተውን የሕግ ድርጅትም በዚሁ ዘዴ አሳደገው። ክሱ ለለጋሾች የሚላክ ደብዳቤ ይሆናል፣ ደብዳቤው ብር ያመጣል፣ ብሩ ሌላ ክስ ይወልዳል። ድርጅቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አከማቸ። «በድሃ ስም ከበሩ» የሚል ሐሜትም ተከተለው። በ2019 ዲስን ያሰናበተው ያው ድርጅት ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም «ዝና ፈላጊ ነው» ብዬ ላጣጥለው አልችልም። ዝና የማይሻ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ክሱ ከፖርትላንድ የሚያልፍ አይመስለኝም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ስለዚያ ፍርድ በተወራ ቁጥር ዲስና ሜዝገር በሰፊው ይነሣሉ። ለትምህርት ብሎ ባሕር የተሻገረው፣ አገር ቤት የሚኖር ልጅ የነበረው ሙሉጌታ ግን «ኢትዮጵያዊው ተማሪ» ተብሎ በሁለት ቃል ይታለፋል።